ለኦብጀክት ዘበኛ ማቆም፦ በፕሮግራም ላይብረሪዎች ውስጥ ስለሚደረግ የመረጃ ማጣራት



በ1997 ዮርክታውን የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ በቨርጂኒያ ጠረፍ አካባቢ በጉዞ ላይ ሳለ የመንቀሳቀሻ ሥርዓቱ ሥራውን አቁሞ ለሰዓታት ያህል ባሕር ላይ ቆሞ ቀረ። መርከቡ በጠላት አልተመታም፤ ነዳጅም አላለቀበትም። የዚያ ሁሉ ጣጣ መነሻ በአንድ የመረጃ ቦታ ላይ የገባ ዜሮ ነበር። ኮምፒዩተሩ ዜሮውን ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀበለ። ቆይቶም ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል በዚያው ቁጥር ሊያካፍል ሲል ስሌቱ ተሰናከለ፤ መሰናክሉም ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ተዛምቶ በመጨረሻ የመርከቡን መንቀሳቀሻ ያዘ። (ርእሱ ራሱ የቀን አቆጣጠርን የሚነካ ስለሆነ፣ በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ማመልከት ያስፈልጋል።)

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዜሮው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ርቀቱ ነው። ስሕተቱ የገባበት ሥፍራና ስሕተቱ ጉዳት ያደረሰበት ሥፍራ እጅግ የተራራቁ ናቸው። ዜሮውን ያስገባው ሰው በዚያችው ቅጽበት «ይህ ቁጥር ዜሮ ሊሆን አይችልም» ተብሎ ቢሆን ኖሮ አርሞት ወደ ሥራው በተመለሰ ነበር። ታዲያ መጠየቅ የነበረበት ማን ነው? ቁጥሩን የተቀበለው ቅጽ ነውን? ይዞት የቆየው የመረጃ ቋት ነውን? ወይስ በቁጥሩ ሊያካፍል የተነሣው ስሌት? ይህ ጥያቄ ለተራ ሰው ቀላል ይመስላል። የፕሮግራም ላይብረሪ ለሚሠሩ ሰዎች ግን ለብዙ ዓመታት ሲያወዛግብ የኖረ፣ ዛሬም ቢሆን አንድ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው።

ኦብጀክት የሚባለው መረጃንና በዚያ መረጃ ላይ የሚፈጸሙትን ተግባራት በአንድነት የያዘ የፕሮግራም አካል መሆኑ ይታወቃል። የአንድ ታካሚ ኦብጀክት የታካሚውን ስም፣ የትውልድ ቀንና ክብደት ይይዛል፤ እንዲሁም ዕድሜውን ማስላትና ቀጠሮውን መመዝገብ ያውቃል። እንግሊዛዊው ሊቅ ቶኒ ሆር በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አንድ የመረጃ ዓይነት ሲነደፍ ምንጊዜም እውነት ሆኖ የሚቆይ ሁኔታ ሊኖረው እንደሚገባና ማናቸውም በመረጃው ላይ የሚፈጸም ተግባር ይህን ሁኔታ ጠብቆ መውጣት እንዳለበት አሳይተዋል። ፈረንሳዊው ቤርትራን ሜየር ደግሞ በ1985 በነደፉት ኤፌል በተባለው ቋንቋ ይህንኑ ሐሳብ ከወረቀት ወደ ሥራ አወረዱት። በኤፌል የተጻፈ ክላስ ደንቡን በራሱ ውስጥ ተጽፎ ይይዛል፤ ምርመራው በሥራ ላይ እንዲውል ከተደረገም አንድ ተግባር ከተፈጸመ በኋላ ደንቡ ፈርሶ ከተገኘ ፕሮግራሙ በዚያው ይቆማል። በዚህ አመለካከት ዘበኛው ያለው በኦብጀክቱ በራሱ ደጃፍ ነው። ስሕተተኛ ኦብጀክት ለአፍታም ቢሆን ሊኖር አይገባም።

ሐሳቡ ንጹሕ ነው፤ ከባዶ ለሚጀምር ሰውም ከዚህ የተሻለ መመሪያ የለም። ችግሩ የሚመጣው ላይብረሪው ቀድሞ ተሠርቶ፣ ብዙ ሺህ ሰዎች በላዩ ላይ ቤት ከሠሩበት በኋላ ዘበኛ ማቆም ሲያስፈልግ ነው። ለዚህም ጃንጎ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ ያለፈበት መንገድ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ጃንጎ የተወለደው በካንሳስ ግዛት በሎረንስ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ቤት ውስጥ ነው። ኤድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊልሰን የተባሉ ሁለት ፕሮግራም ሠሪዎች በ2003 ለጋዜጣው ሥራ ሲሉ ጀመሩት፤ በ2005 ለሕዝብ ወጣ፤ ስሙንም ከጊታር ተጫዋቹ ከጃንጎ ራይንሃርት ወሰደ። በጃንጎ ዘንድ ሞዴል የሚባለው ክላስ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ያለን አንድ ሠንጠረዥ ይወክላል፤ ከሞዴሉ የሚፈጠረው እያንዳንዱ ኦብጀክትም ከሠንጠረዡ አንድ መዝገብ ነው። በጋዜጣ ቤት መረጃ የሚገባው በአብዛኛው በአዘጋጁ እጅ፣ በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ በሚታይ ቅጽ በኩል ነው። ስለዚህም ማጣራቱ በመጀመሪያ በቅጹ ላይ መደረጉ፣ መነሻውን ላየ ሰው የሚያስገርም አይደለም። ቅጹ ይጠይቃል፤ ኦብጀክቱ ዝም ብሎ ይቀበላል።

ይሁን እንጂ ቤቱ ሲሰፋ በሮቹም በዙ። መረጃው ከሌላ መሥሪያ ቤት በፋይል ተልኮ መግባት ጀመረ። ከተንቀሳቃሽ ስልክ ይመጣ ጀመር። ሌሊት ሌሊት በራሱ በሚሠራ ፕሮግራምም ይገለበጥ ጀመር። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም በቅጹ በኩል አያልፍም። ዘበኛው በዋናው በር ላይ ቆሞ እንግዳው በጓሮ ገባ እንደማለት ነው።

በዚህም ምክንያት በግንቦት 2010 በወጣው በጃንጎ 1.2 ለሞዴል ኦብጀክቶች ራሳቸውን የሚመረምሩበት መሣሪያ ተጨመረላቸው። መሣሪያው ፉል ክሊን ይባላል፤ ሥራውንም በደረጃ ያከናውናል። በመጀመሪያ እያንዳንዱን የመረጃ ቦታ ለብቻው ይመለከታል፦ ቁጥር ሊሆን የሚገባው ቁጥር ነውን? ባዶ መሆን የማይገባው ባዶ አይደለምን? ቀጥሎ ክሊን የተባለውን፣ ፕሮግራም ሠሪው ራሱ የሚጽፈውን ተግባር ይጠራል። በዚህ ደረጃ ላይ ነው ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ቦታዎች እርስ በርስ የሚተያዩት፤ ለምሳሌ የክትባቱ ቀን ከትውልዱ ቀን መቅደም እንደማይችል የሚነገረው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻም ሊደገም የማይገባው መረጃ በሌላ መዝገብ ላይ ተደግሞ እንደሆነ ይፈትሻል። ስሕተት ከተገኘ የትኛው ቦታ በምን ምክንያት እንዳልተቀበለው ለይቶ ያስታውቃል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የወጣው ማስታወቂያ አንድ ነገር በግልጽ አስጠነቀቀ፤ ይኸውም ሴቭ የተባለው፣ መዝገቡን ወደ ቋቱ የሚያስገባው ተግባር፣ ፉል ክሊንን በራሱ እንደማይጠራ ነው። ዘበኛው ተቀጥሯል፤ ነገር ግን ካልጠሩት አይነሣም። ይህ ሁኔታ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ጃንጎን አዲስ የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ሳያውቅ ይቆይና፣ ደንቡን በሞዴሉ ላይ ስለ ጻፈ ብቻ መረጃው የተጠበቀ ይመስለዋል።

ውሳኔው ስንፍና እንዳይመስል አንድ ጤና ጣቢያን በምሳሌነት ማየት ይጠቅማል። ጤና ጣቢያው ለ5 ዓመታት የታካሚዎችን መዝገብ ሲይዝ ቆይቷል እንበል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የስልክ ቁጥር አይጠየቅም ነበርና ብዙ መዝገቦች ያለ ስልክ ተቀምጠዋል። አሁን «የስልክ ቁጥር ግዴታ ነው» የሚል ደንብ በሞዴሉ ላይ ይጻፋል፤ ሴቭ የተባለውም ተግባር ደንቡን በራሱ እንዲያስከብር ይደረጋል። በማግሥቱ ነርሷ የአንዲት እናትን የቆየ መዝገብ ከፍታ የዕለቱን ክብደት ልትጽፍ ትሞክራለች። ኮምፒዩተሩ አልመዘግብም ይላል። ነርሷ የጻፈችው ክብደት ትክክል ነው፤ ያላሟላው ከዓመታት በፊት ሌላ ሰው ሳይጽፈው የቀረው ስልክ ነው። እናቲቱ ስልክ የላትም። ከደጅ የሚጠብቁ 20 ሰዎች አሉ። ነርሷ ምን ታደርጋለች? 10 ዜሮዎች ትጽፍና ታልፋለች። በዚህ ጊዜ መረጃውን ሊጠብቅ የቆመው ደንብ ራሱ የሐሰት መረጃ አስመዘገበ ማለት ነው። ባዶ ቦታ ባዶነቱን ይናገር ነበር። ዜሮዎቹ ግን ስልክ መስለው ይቀመጣሉ፤ ቆይቶም የቀጠሮ መልእክት የሚልከው ፕሮግራም ወደነርሱ ሊደውል ይሞክራል።

የላይብረሪው ሠሪዎች ማንን ምን እንደሚገጥመው አስቀድመው ሊያውቁ አይችሉም። በሌሎች ሰዎች ቋት ውስጥ ያለውን የ5 ዓመት ክምችት አያዩትም። ስለሆነም መሣሪያውን ሰጥተው ጥሪውን ለባለቤቱ መተዋቸው ተገቢ ነበር ማለት ይቻላል። የሚያስተቸው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ባለቤቱ ጥሪውን በሴቭ ውስጥ ቢያስገባ እንኳን ሁሉም በር እንደማይዘጋ በቂ ግንዛቤ አለመኖሩ ነው። በጃንጎ ብዙ መዝገቦችን በአንድ ጊዜ የሚያስገባው በልክ ክሪኤት የተባለው ተግባርና፣ ከቋቱ ውስጥ ብዙ መዝገቦችን በአንድ ትእዛዝ የሚለውጠው አፕዴት የተባለው ተግባር፣ ሴቭን ከነአካቴው አይጠሩትም። ሬይልስ የተባለው የሩቢ ላይብረሪ በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው፤ ሴቭ ሲባል ደንቡን ይመረምራል። ሆኖም እርሱም ቢሆን ምርመራውን ዘልለው የሚያልፉ ተግባራት አሉት። የእነዚህ ሁሉ ምክንያት ፍጥነት ነው፤ መቶ ሺህ መዝገብ አንድ በአንድ ይመርመር ቢባል ሥራው አይገፋም።

አለመደገምን መፈተሽ ደግሞ የራሱ የሆነ ወጥመድ አለው። ኦብጀክቱ «ይህ የካርድ ቁጥር በሌላ መዝገብ ላይ አለን?» ብሎ ቋቱን ይጠይቃል፤ የለም ይባላል፤ ከዚያ ይመዘግባል። በጥያቄውና በምዝገባው መካከል ግን፣ ጥቂትም ብትሆን፣ ጊዜ አለች። በካርድ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቅጽበት ያንኑ ቁጥር ቢያስገቡ ሁለቱም «የለም» ይባላሉ፤ ሁለቱም ይመዘግባሉ። ይህን ሊከለክል የሚችለው የመረጃ ቋቱ ብቻ ነው፤ ጠያቂዎቹ ሁሉ በመጨረሻ የሚገናኙት እዚያ ነውና። ጃንጎም ይህን ተገንዝቦ በ2019 በወጣው 2.2 የፍተሻ ደንቦችን በቋቱ ውስጥ ለመጻፍ የሚያስችል መንገድ ከፈተ፤ በ2022 በወጣው 4.1 ደግሞ እነዚያው ደንቦች በፉል ክሊን ጊዜም እንዲፈተሹ አደረገ። የኋለኛው እርምጃ ጥቅሙ ለሰው ነው፤ ቋቱ የሚመልሰው የስሕተት መግለጫ ለነርስ የሚገባ ቋንቋ አይደለምና፣ ኦብጀክቱ ቀድሞ በሰው ቋንቋ መናገሩ ይሻላል።

ደንብን ቀስ በቀስ ማጥበቅ ራሱ ዋጋ እንዳለው ሌላ የፓይተን ላይብረሪም አሳይቷል። በ2017 የወጣው ፓይዳንቲክ ኦብጀክቱ ገና ሲፈጠር መረጃውን የሚመረምር ነው። የመጀመሪያው እትሙ ግን ለጋስ ነበር፤ ሙሉ ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ 3.7 ቢሰጠው ክፍልፋዩን ቆርጦ 3 ብሎ ይቀበል ነበር። በ2023 የወጣው ሁለተኛው እትም ይህን ስሕተት ነው ብሎ ይመልሰዋል። አዲሱ ደንብ ትክክል ስለ መሆኑ ክርክር የለም። ነገር ግን በአሮጌው ልግስና ላይ ተደግፈው ይኖሩ የነበሩ ፕሮግራሞች ባለቤቶች፣ ምን ያህል ክፍልፋይ በዝምታ ሲቆረጥባቸው እንደኖረ የተረዱት ያን ጊዜ ነበር።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ ጉዳይ ማለፍ ይቻላል፤ የማጣራት ወሰን ጎልቶ የሚታየው በዚሁ ነውና። የጃንጎ የቀን ቦታ የሚያርፈው በፓይተን የቀን ኦብጀክት ላይ ነው። ይህ ኦብጀክት ሲፈጠር ራሱን ይመረምራል፤ ወሩ ከ1 እስከ 12 ካልሆነ፣ ቀኑም በወሩ ውስጥ ከሌለ አይፈጠርም። የሆርን ሐሳብ በትክክል የፈጸመ ኦብጀክት ነው ማለት ነው። አሁን አንድ ሠራተኛ የ2017 ዓ.ም. ቀኖችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ መስከረምን 1፣ ጥቅምትን 2፣ እያለ በቁጥር ወደዚህ ቦታ ያስገባል እንበል። ኦብጀክቱ የትኞቹን ይመልሳል? ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነች 5ቱንም ቀኖቿን ይመልሳል። ጥቅምት 29ንና 30ን ይመልሳል፤ በ2017 የአውሮፓውያኑ ሁለተኛ ወር 28 ቀን ብቻ ነበረውና። በጠቅላላው 7 ቀን ይሆናል። የቀሩት 358 ቀኖች ያለ አንዳች ተቃውሞ ያልፋሉ፤ ሁሉም ግን ስሕተት ናቸው።

ስሕተቱ በሕይወት ላይ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የተወለደን ሕፃን እንውሰድ። ይህ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 13 ቀን 2025 ነው። 5ኛ ወር፣ 5ኛ ቀን፣ 2017 ተብሎ ሲገባ ግን ኮምፒዩተሩ ሜይ 5 ቀን 2017 ብሎ ይይዘዋል። ሕፃኑ ገና ሳይጠባ የ7 ዓመት ልጅ ሆነ። በተወለደ በ6ኛው ሳምንት የሚጀምሩትን ክትባቶች ሊወስዱ የሚገባቸውን ሕፃናት የሚዘረዝረው ፕሮግራም ይህን ልጅ አያገኘውም፤ እናቱም አትጠራም። ኦብጀክቱ ግን በሕጉ መሠረት እንከን የለበትም።

እዚህ ላይ «ክሊን በተባለው ተግባር ሁለቱን ቀኖች ማስተያየት ይበቃል» የሚል ሰው አይጠፋም። አይበቃም። ከጥር 5 እስከ የካቲት 17 ልክ 42 ቀን፣ ማለትም 6 ሳምንት ነው። ሠራተኛው ሁለቱንም ቀኖች በዚያው መንገድ ካስገባ ኮምፒዩተሩ ከሜይ 5 እስከ ጁን 17 ይቆጥርና 43 ቀን ያገኛል። አንዲት ቀን ብቻ ተረፈች፤ ፈተናውም ታለፈ። በአንድ ስሕተት የተበከሉ ሁለት መረጃዎች አንዱ ለሌላው በሐሰት ይመሰክራሉ። የክትባቱ ቀን ከኮምፒዩተሩ ሰዓት፣ ማለትም ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2025 ቢወሰድ ግን ልዩነቱ ወደ 8 ዓመት ገደማ ሆኖ ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ኦብጀክቱ በእርግጥ ይጮኻል። ወይም ሠራተኛው የሕፃኑን ዕድሜ በሳምንት ለብቻው ቢጠየቅ፣ እናቲቱ ከኮምፒዩተሩ የተሻለ ምስክር ትሆናለች። ምስክር ሲፈለግ ከሌላ ምንጭ መፈለግ አለበት።

ከዚህም ይልቅ የተሻለው መንገድ «ቀን» የሚለውን ዓይነት በሁለት መክፈል ነው። የኢትዮጵያ ቀን የራሱ ክላስ ይኑረው፤ 12ቱ ወሮች 30 ቀን እንዳላቸው፣ ጳጉሜን 5 እንደሆነች፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻም 6 እንደምትሆን ይወቅ፤ ከነዚህ ውጭ የሆነውን አይፍጠር። ወደ ቋቱ ሲገባ ይለወጥ፤ ለሰው ሲታይ ተመልሶ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታይ። የወሩም ስም በፊደል ይምረጥ እንጂ በቁጥር አይጻፍ፤ ጥር ብሎ የመረጠ ሰው ሜይ አይባልበትም። በኢትዮጵያ የጤና መረጃ ሥራ ላይ የዋለው ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር አውቆ መሥራት መቻሉ ነገሩ የማይቻል እንዳልሆነ ያሳያል።

ስምም የዚሁ ዘመድ ነው። የጃንጎ የተጠቃሚ ሞዴል ለስም ሁለት ቦታ አለው፤ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ። ጃንጎ ራሱ ሁለቱን ቦታዎች ግዴታ አላደረገም፤ ግዴታ የሚያደርጉት በላዩ የሚሠሩት ናቸው። በዚያ ደንብ ምክንያት በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አንዳንዶቹ የአባታቸውን፣ ሌሎቹ የአያታቸውን ስም በዚያ ቦታ ይሞላሉ፤ ወንድማማቾችም በሁለት «ቤተሰብ» ተመዝግበው ይገኛሉ።

ፊደሉም ያስቸግራል። በአንድ ወረዳ ውስጥ የሁለት ጤና ኬላዎች ስም አንድ እንዳይሆን የሚከለክል ደንብ «ፀሐይ መውጫ»ን፣ «ጸሐይ መውጫ»ንና «ፀሀይ መውጫ»ን ሦስት የተለያዩ ስሞች አድርጎ ያሳልፋቸዋል። ዩኒኮድ ለሀ፣ ለሐ እና ለኀ፣ እንዲሁም ለጸና ለፀ ለየብቻ ቁጥር ሰጥቷል፤ አንድ የሚያደርጋቸውም መደበኛ የማስተካከያ ዘዴ የለም። መፍትሔው ሰዎች በአንድ መንገድ ብቻ ይጻፉ ብሎ ማስገደድ አይደለም። ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጥ፤ ከጎኑ ለማወዳደሪያ ብቻ የሚያገለግል፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ የተጠቀለሉበት ስውር ቅጂ ይኑር፤ አለመደገም የሚፈተሸውም በዚያ ቅጂ ላይ ይሁን።

ደንብን በቆየ ላይብረሪ ላይ የሚጨምር ሰው እንግዲህ ከምን ይጀምር? ከመቁጠር። ደንቡ ከመከበሩ በፊት በአሮጌዎቹ መዝገቦች ላይ ይሞከር፤ ስንቱ እንደሚወድቅ ይታወቅ፤ የወደቁትም ይታዩ። ብዙ ጊዜ ከመዝገቡ ይልቅ ደንቡ ስሕተተኛ ሆኖ ይገኛል። ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት ለዚህ የሚረዳ መንገድ አለው፤ የፍተሻ ደንብ ሲጨመር አሮጌዎቹን መዝገቦች ሳይመረምር በአዲሶቹ ላይ ብቻ እንዲጀምር ማድረግ፣ ኋላ ላይም አሮጌዎቹ ሲስተካከሉ ደንቡን በሙሉ ማጽናት ይቻላል። ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ ለነርሷ አይደርስላትም፤ አሮጌው መዝገብ አንዲት ቦታው ብትነካ ቋቱ መላውን መዝገብ በአዲሱ ደንብ ይመለከተዋልና። ስለዚህ የትውልድ ቀን ከዛሬ አያልፍም የሚለው ደንብ በቋቱ ውስጥ ሊጻፍ ይገባዋል፤ ይህን የሚጥስ እውነተኛ መዝገብ ሊኖር አይችልምና። የስልኩ ደንብ ግን ከቋቱ ወጥቶ በኦብጀክቱ ዘንድ ይቅር። ፉል ክሊን ሲጠራ የማይመረመሩትን ቦታዎች ለይቶ መንገር ይቻላል፤ የጃንጎ የሞዴል ቅጽም በቅጹ ላይ ያልቀረቡትን ቦታዎች በራሱ ይዘልላቸዋል። ክብደት ብቻ የያዘ ቅጽ የከፈተችው ነርስ የምትጠየቀው ስለ ክብደቱ ብቻ ይሆናል፤ የእናቲቱም የስልክ ቦታ፣ ስልክ እስክትገዛ ድረስ፣ ባዶውን ይቆያል።